ሽታውን ሳይሆን ምንጩን

(ምግብ የተበላሸበትን ፍሪዘር ስለ ማጽዳት በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



 የመረጥነው ርእስ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ እንደሚያሰኝ እናውቃለን። በዚህ መድረክ ላይ ስለ ሀገር ዕድገት፤ ስለ ሕግና ስለ ሥነ ጽሑፍ ብዙ ተብሏል። እኛ ግን ዛሬ ልንናገር የመጣነው ምግብ ተበላሽቶበት ስለ ገማ ፍሪዘር ነው።

«ይህ የማጀት ጉዳይ ነው፤ ዩኒቨርሲቲን ምን አገባው?» የሚል ወንድም ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። አሲድና ቤዝ ምን እንደ ሆኑ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረን፤ ፈተናውንም አልፈን፤ እናታችን የሸተተ ፍሪዘር ፊት ቆማ ስትጨነቅ የምንላት ነገር ከሌለን፤ የተማርነው ለፈተናው ብቻ ነበር ማለት ነው። ደግሞም ማጀት የሴቶች ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ራሱ ከፍሪዘሩ ጋራ አብሮ ሊታጠብ የሚገባው ነው። በውስጡ ካለው የሚበላው ሁሉም ከሆነ፤ የሚያጸዳውም ሁሉም መሆን አለበት።

ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ከሰበታ፤ ከቡራዩና ከሱሉልታ የመጣን ተማሪዎች ነን። አዲስ አበባን እንደ መቀነት የከበቡት እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር መጠቃለላቸው ይታወቃል። የሱሉልታን ወተትና ሣር የማያውቅ የለም፤ በሰበታ ደግሞ የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ይገኛል። ወተት፤ ቅቤና ሥጋ በአካባቢያችን የብዙ ሰው መተዳደሪያ ናቸው። ፍሪዘርም የባለጸጋ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ በሱቁ፤ በሥጋ ቤቱና በብዙ መኖሪያ ቤት ገብቷል።

ነገር ግን ፍሪዘር የሚሠራው መብራት እስካለ ድረስ ብቻ ነው። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ወር የግድብ ውኃ በማነሱ ምክንያት በመላ ሀገሪቱ መብራት በፈረቃ ይሰጥ እንደ ነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ያ ፈረቃ አልፏል። ሆኖም ነፋስና ዝናብ ምሰሶ ሲጥል፤ ወይም ትራንስፎርመር ሲቃጠል፤ አንድ ሰፈር በሙሉ በጨለማ ውሎ ማደሩ አልቀረም።

በእኛ ሀገር ደግሞ ይህ ችግር የራሱ ወቅት አለው። በቅበላ ሰሞን ከቅርጫው የተረፈው ሥጋና ገና ያልተነጠረው ቅቤ ወደ ፍሪዘር ይገባል። ከዚያ የሁዳዴ 55 ቀን ይከተላል፤ የጾመኛ ቤት ፍሪዘር የሚከፍተው ሰው አያገኝም። በመካከሉ መብራት ብዙ ቀን ቢጠፋ፤ ወይም ሶኬቱ ሳይታወቅ ተነቅሎ ቢቀር፤ ነገሩ የሚገለጸው ለፋሲካ ክዳኑ ሲከፈት ነው። እንደዚሁም ለገና ወይም ለጥምቀት ቤቱን ቆልፎ ወደ ሀገር ቤት የሄደ ሰው ሲመለስ በር ላይ የሚቀበለው ያው ሽታ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን በየሰፈራችን አይተናል። ሦስት ዓይነት ጉዳት ይደርሳል። አንዳንዱ ስንት ዓመት ገንዘብ አጠራቅሞ የገዛውን ዕቃ «ከእንግዲህ አይሆንም» ብሎ ለቆራሌው በርካሽ ይሸጠዋል። አንዳንዱ ደግሞ የቤት ሠራተኛዪቱን «አንቺ ነሽ ያልጠበቅሽው» ብሎ ይቆጣታል፤ ከደመወዟም ይቆርጣል፤ እርሷ ግን መብራቱን አላጠፋችም። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው፤ ቀልጦ ተመልሶ የረጋውን ሥጋ «ደኅና ነው» ብሎ ቀቅሎ ለልጆች ማብላት ነው። የተነሣነው ስለ እነዚህ ሦስቱ ነው።

እንግዲህ ሽታ ምንድን ነው? ብዙ ሰው ሽታን እንደ መንፈስ ይቆጥረዋል፤ በአየር ላይ ብቻ ያለ ስለሚመስለውም በሌላ ሽታ ሊያባርረው ይሞክራል። ሽታ ግን ቁስ ነው። አንድ ነገር ሸተተን ስንል የዚያ ነገር ጥቃቅን ቅንጣቶች በእርግጥ ወደ አፍንጫችን ገብተዋል ማለት ነው። ሥጋ ሲበሰብስ ባክቴሪያዎች ፕሮቲኑን ያፈራርሱታል፤ ከዚያም አሞኒያ፤ የተበላሸ ዕንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፤ እንዲሁም ፑትሬሲንና ካዳቬሪን የሚባሉ አሚኖች ይወጣሉ። የእነዚህ የሁለቱ ስም ከላቲን የተወሰደ ሲሆን፤ አንደኛው «መበስበስ»፤ ሁለተኛው «ሬሳ» ከሚሉት ቃላት የመጣ ነው። ቅቤና ወተት ሲበላሹ ደግሞ ስቡ ይሰበርና ቡቲሪክ አሲድ የሚባል ይወጣል፤ የእርሱም ስም በላቲን «ቅቤ» ከሚለው ቃል ነው።

እነዚህ ቅንጣቶች በአየሩ ላይ ብቻ ተንሳፍፈው አይቀሩም። የፍሪዘሩ የውስጥ ግድግዳ ፕላስቲክ ነው፤ በክዳኑ ዙሪያ ያለው ጎማ ነው። ፕላስቲክና ጎማ ሽታ የያዘውን ቅባት ቀስ ብለው ይመጥጡታል፤ በኋላም ጥቂት በጥቂት ይለቁታል። ክዳኑን ከፍተን ስናናፍሰው ሽታው የጠፋ መስሎን፤ ዘግተነው ሲያድር የሚመለሰው ስለዚህ ነው። ዕጣን ማጨስ ወይም ሽቶ መርጨትም መፍትሔ የማይሆነው ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ሁለተኛ ሽታ ይጨምራሉ እንጂ የመጀመሪያውን አያነሡትም።

በዚህ ረገድ እናቶቻችን ከብዙዎቻችን ይበልጥ ሳይንቲስቶች ናቸው። የወተት ዕቃ ወይም የጠላ እንስራ እንዴት እንደሚያሰናዱ ልብ ብላችሁ እንደ ሆነ፤ አስቀድመው በግራዋ ቅጠል ፈትገው ያጥባሉ፤ ቀጥለው ደፍተው ያደርቃሉ፤ በወይራ ጭስ የሚያጥኑት ከሁሉ በኋላ ነው። ሳይታጠብ የሚታጠን ዕቃ የለም። እኛም በዛሬው ንግግራችን የምንለው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ አስቀድሞ ምንጩን ማስወገድ፤ ቀጥሎ ማጠብ፤ ቀጥሎ ማድረቅ፤ በመጨረሻም የቀረውን ሽታ መምጠጥ ነው።

ይሁን እንጂ ከእናቶቻችን የምንወስደው ቅደም ተከተሉን እንጂ ጭሱን አይደለም። እንስራ ሸክላ ነው፤ ፍሪዘር ፕላስቲክ ነው። ፍም ቢገባበት ይቀልጣል፤ ጭሱም በፕላስቲኩ ላይ ተጣብቆ ሌላ ሽታ ይሆናል። ከዚህም በላይ በአሁኑ ጊዜ ብዙዎቹ አዳዲስ ፍሪዘሮች የሚያቀዘቅዙት አይሶቡቴን በሚባል ጋዝ ነው፤ ከጀርባቸው በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ «አር 600 ኤ» ተብሎ የሚጻፈው እርሱ ነው። ይህ ጋዝ እንደ ቡታጋዝ የሚቀጣጠል ስለ ሆነ ፍምም ሆነ ማጨሻ ወደ ፍሪዘር መግባት የለበትም። የጋገረውንም በረዶ በቢላዋ መፈልፈል አይገባም፤ ቢላዋው የጋዙን ቧንቧ ሊበሳው ይችላልና።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

አንደኛ፤ ሶኬቱን መንቀል ነው። ከዚያ ጓንት አድርጎ፤ ጓንት ከሌለ ፌስታል በእጅ ላይ አስሮ፤ የተበላሸውን ሁሉ አውጥቶ በሁለት ፌስታል መቋጠር ነው። እዚህ ላይ ስለ አጣጣሉ አንድ ቃል እንበል። የቡራዩ ልጆች እንደምናውቀው የገፈርሳ ግድብ ውኃ ለአዲስ አበባ ሰው መጠጥ ነው፤ ስለዚህ የገማ ሥጋ ወደ ጅረት የወረወረ ሰው ወደ ጎረቤቱ ጉሮሮ እንደ ወረወረ ይቈጠራል። በአጥር ሥር መጣልም ውሻ መሰብሰብ ነው፤ የሱሉልታ ጅብም ግብዣ አይጠብቅም። የቆሻሻ መኪና በሚደርስበት ሰፈር በዕለቱ ማስረከብ፤ በማይደርስበት ግን ከወንዝና ከውኃ ጉድጓድ ርቆ፤ አውሬ በማያወጣው ጥልቀት መቅበር ይገባል።

ሁለተኛ፤ በረዶው በራሱ እንዲቀልጥ ትቶ፤ መደርደሪያዎቹን አውጥቶ፤ ሁሉንም በሞቀ ውኃና በሳሙና ማጠብ ነው። የፈላ ውኃ ግን አይሆንም፤ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። ሳሙናው የሚያስፈልገው ለአረፋው አይደለም። እነዚያ የሚሸቱ ነገሮች አብዛኞቹ በስብ ውስጥ ይደበቃሉ፤ ስቡ ካልለቀቀ ሽታውም አይለቅም፤ ስብን ከውኃ ጋራ የሚያስታርቀው ደግሞ ሳሙና ነው። በዚህ ጊዜ የሚረሱ ሦስት ቦታዎች አሉ። አንዱ የክዳኑ ጎማ እጥፋት ነው፤ እርሱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ መፈተግ ይገባል። ሁለተኛው ከታች ያለው የውኃ መውጫ ቀዳዳ ነው። ሦስተኛው፤ አንዳንዱ ማቀዝቀዣ ከጀርባው በሞተሩ አጠገብ የሚንጠባጠበውን ውኃ የሚቀበል ዝርግ ሳህን አለው። ሰው ሦስት ጊዜ አጥቦ «ሽታው አልለቀቀም» ሲል ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ሳይነካ ቀርቷል።

ሦስተኛ፤ የመማሪያ ክፍሉ ኬሚስትሪ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። የተበላሸው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቅቤ፤ ወተት ወይም አይብ ከሆነ ሽታው የአሲድ ነው፤ አሲድን የሚያሸንፈው ቤዝ ነው። ስለዚህ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ በጥብጦ ግድግዳውን ማሸት ነው። አሲዱ ከሶዳው ጋራ ሲገናኝ ወደ ጨው ይለወጣል፤ ጨው ደግሞ አይተንም፤ የማይተን ነገርም አይሸትም። የተበላሸው ሥጋ ወይም ዓሣ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አሞኒያና አሚን ቤዞች ናቸው፤ እነርሱን የሚያሸንፈው አሲድ ነው። እኩል አቼቶና ውኃ ቀላቅሎ፤ አቼቶ ባይገኝ የሎሚ ጭማቂ በውኃ አድርጎ፤ በጨርቅ ማሸት ነው። ዓሣ የነካ ሰው እጁን በሎሚ ሲያሽ የሚሠራው ይህንኑ ኬሚስትሪ ነው።

በፋሲካ ዋዜማ እንደሚያጋጥመው ሥጋውም ቅቤውም አብረው የተበላሹ እንደ ሆነ፤ በመጀመሪያ በሶዳው፤ በንጹሕ ውኃ ከተለቀለቀ በኋላም በአቼቶው ማሸት ይገባል። ሁለቱን በአንድ ዕቃ ቀላቅሎ መጠቀም ግን ከንቱ ነው። አረፋው ብዙ ሥራ የሚሠራ ይመስላል፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ግን አሲዱና ቤዙ እርስ በርሳቸው ተበላልተው ለሽታው የሚተርፍ ጉልበት የላቸውም።

አራተኛ፤ ሽታው ከወጣ በኋላ ባክቴሪያውን መግደል ነው። ለዚህ ሽቶ ያልተጨመረበት በረኪና፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ለአራት ሊትር ውኃ ይበቃል። እዚህ ላይ አጥብቀን የምንናገረው አንድ ነገር አለ። በረኪና ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋራ ከተገናኘ ክሎሪን የሚባለው መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ይህ በ1915 እ.ኤ.አ. ቤልጅግ ውስጥ በኢፕር ጦር ሜዳ ወታደሮች የታፈኑበት ጋዝ ነው። በረኪና ከአሞኒያ ጋራ ሲገናኝም ሌላ መርዝ ያወጣል፤ ስለዚህ የሥጋው ፈሳሽ ሳይታጠብ በረኪና አይፈስበትም፤ አቼቶውም ሙልጭ ብሎ ሳይለቀለቅ በረኪናው አይቀርብም። መስኮትና በር ይከፈት።

አምስተኛ፤ በንጹሕ ውኃ አለቅልቆ፤ በደረቅ ጨርቅ ወልውሎ፤ ክዳኑን አንድ ሁለት ቀን ከፍቶ ማድረቅ ነው። መደርደሪያዎቹን ፀሐይ ላይ ማስጣት መልካም ነው። ሕፃናት ባሉበት ቤት ግን ክዳኑ ወድቆ እንዳይዘጋባቸው እንዳይቀርቡ መጠበቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ሕፃናት በማቀዝቀዣ ውስጥ ታፍነው በመሞታቸው በ1956 እ.ኤ.አ. በሩ ከውስጥ እንዲከፈት የሚያስገድድ ሕግ ወጥቷል። ሕጉን ያስወጣው እንዲህ ያለ ኀዘን መሆኑን ልብ እንበል።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ በፕላስቲኩ ውስጥ ጥቂት ሽታ ሊቀር ይችላል። የማጠኛው ተራ አሁን ነው፤ የእኛ ማጠኛ ግን ያልነደደ ከሰል ነው። ከሰል በዓይን የማይታዩ እልፍ ቀዳዳዎች አሉት፤ የሚሸቱት ቅንጣቶች በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ። ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ጆን ስቴንሃውስ በ1854 እ.ኤ.አ. ከመጥፎ አየር የሚጠብቅ የፊት መሸፈኛ የሠራው በዚሁ በከሰል ነው። በፋብሪካ ተሠርቶ የሚሸጠው ልዩ ከሰል ከእኛ የምድጃ ከሰል ይበልጥ ኃይለኛ ነው፤ ስለዚህ በእኛው ከሰል ስንጠቀም መጠኑንም ቀኑንም ማብዛት አለብን። ሰበርበር አድርጎ በሁለት ሦስት ዝርግ ሳህን ዘርግቶ፤ ፍሪዘሩን ባዶውን ዘግቶ፤ ብዙ ቀን ማቆየት ነው።

የተጨማደደ ጋዜጣም እርጥበትና ሽታ ይመጥጣል። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የምናውቀው አዲስ ዘመን ከተነበበ በኋላ ለዚህ አገልግሎት ይሆናል፤ የማኅበራችንም ጋዜጣ እንዲሁ፤ ሳይነበብ ግን እንዳይሆን አደራ እንላለን። ሶዳን በተመለከተ በ1972 እ.ኤ.አ. አርም ኤንድ ሐመር የሚባለው የአሜሪካ የሶዳ አምራች ሰው ሁሉ በማቀዝቀዣው ውስጥ ሶዳ ከፍቶ እንዲያስቀምጥ በማስታወቂያ መክሮ ልማዱ ተስፋፍቷል። ነገር ግን ደረቅ ሶዳ የሚሠራው በላይኛው ገጹ ብቻ ስለ ሆነ፤ በጠባብ ካርቶን ከማስቀመጥ በሰፊ ሳህን ላይ መበተን ይሻላል። የተፈጨ ቡናም ይረዳል፤ ግን የራሱ ሽታ ብርቱ ስለ ሆነ ክፉው ሽታ መውጣት አለመውጣቱን ለመለየት ያስቸግራል።

መውጣቱን ለመፈተን ቀላል ዘዴ አለ። ስብ ሽታ ይስባል። ትንሽ ቁራጭ ቅቤ ሳይከደን በፍሪዘሩ ውስጥ አሳድሮ ጠዋት ማሽተት ነው፤ ቅቤው ቅቤ ብቻ ከሸተተ ሥራው ተፈጽሟል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሽታው ካልለቀቀ ግን ፈሳሹ በስንጥቅ አልፎ ከፕላስቲኩ ኋላ ወዳለው ስፖንጅ ገብቶ ይሆናል። እዚያ የገባ ፈሳሽ በእጅ ታጥቦ አይወጣም። እንደዚህ ያለውን ዕቃ ሽቶ ረጭቶ ለማያውቅ ሰው መሸጥ ችግሩን ወደ ጎረቤት ማዛወር እንጂ ማስወገድ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደርሰናል። እስካሁን ሽታን ስንከስስ ቆየን፤ ነገር ግን ሽታ ያስጠነቅቀናል፤ ይበልጥ የሚያስፈራው ያልሸተተው ነው። ፍሪዘር በትክክል ሲሠራ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች ይሆናል። በዚህ ብርድ ባክቴሪያ አይራባም፤ ግን ሁሉም አይሞትም፤ መብራት ሲጠፋና ሥጋው ሲሞቅ ካቆመበት ይቀጥላል። መብራቱ ሲመለስ ሥጋው እንደ ገና ይረጋል፤ ብርዱም ሽታውን ስለሚያፍነው ምንም ያልሆነ ይመስላል። «ብንቀቅለውስ?» የሚል ይኖራል። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ምግብ ላይ የሚተወው መርዝ ባክቴሪያው በእሳት ከሞተ በኋላም አይጠፋም። እሳት ሁሉን ያነጻል የሚለው እምነት እዚህ ላይ አይሠራም።

ስለዚህ በአፍንጫ ፈንታ በሰዓት መፍረድ ይሻላል። ሙሉ የሆነ ፍሪዘር ክዳኑ ካልተከፈተ ብርዱን ወደ 48 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ በግማሽ የተሞላው ወደ 24 ሰዓት ያህል። መብራት ሲጠፋ «እስቲ ልየው» እያሉ መክፈት ብርዱን ማባከን ነው። በውስጡ ገና በረዶ ያለበት ሥጋ ተመልሶ ሊረጋ ወይም ወዲያው ሊበስል ይችላል፤ ለስልሶና ሞቆ የቆየው ግን ይጣል። ቤት ትቶ ለሚሄድ ሰው ደግሞ አንዲት የ1 ብር ሳንቲም ትበቃዋለች። በአንድ ኩባያ ውኃ አርግቶ ሳንቲሟን በበረዶው ላይ ማስቀመጥ ነው። ሲመለስ ሳንቲሟ ከላይ ካለች ፍሪዘሩ አልቀለጠም፤ ወደ ታች ሰምጣ ከተገኘች ግን በሌለበት ጊዜ ሁሉም ቀልጦ ተመልሶ ረግቷል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው መከላከሉ ከማጽዳቱ ይቀላል። ለሁዳዴ የሚቀመጠውን ሥጋ ቋንጣ ማድረግ፤ ቅቤውንም ማንጠር፤ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ፍሪዘር ነው። ዘመናዊው ዕቃ ሲመጣ የቀደመው ዕውቀት ይጣል ያለን የለም።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ለዕረፍት ወደ የቤታችን ስንመለስ እያንዳንዳችን ይህን ይዘን እንሂድ። ፍሪዘሩ ሸቶ ባገኘነው ጊዜ ከሠራተኛዪቱ ጋራ ከመጣላት ይልቅ ሶኬቱን እንንቀል፤ እጅጌያችንን ሰብስበን ከእርሷ ጋራ እንጠብ፤ አቼቶና በረኪና ለምን እንደማይገናኙም እናስረዳት። ከፍሪዘሩ የወጣውን አጠራጣሪ ሥጋ ልጆች እንዳይበሉት በድፍረት «ይጣል» እንበል፤ ምክንያቱንም እናስረዳ። ተምሮ መምጣት ማለት ይህንንም ይጨምራል ብለን እናምናለን።